ጥሬ፣ ለብለብ፣ የበሰለ፦ ለትንሽ ልጅ ቅጠል የማስለመድ መመሪያ

ክትፎ ያዘዘ ሰው የሚቀርብለት ጥያቄ ያው አንድ ነው፤ «ጥሬ፣ ለብለብ ወይስ የበሰለ?» ለጎመን ግን ይህን ጥያቄ ጠይቀን አናውቅም። ጎመን ገና ከጓሮ ሲቀነጠብ ዕጣው ወጥቷል፤ ይቀቀላል፣ ይጨመቃል፣ ይከተፋል፣ ከሽንኩርት ጋር ድስት ላይ ይከርማል። አሁን አሁን ደግሞ በተቃራኒው የሚሄድ ወሬ በስልክ እየገባ ነው፤ «እሳት ቫይታሚን ይገድላል፣ ቅጠል በጥሬው ነው» ይላል። ወሬውን የሰማች እናት ሰላጣና ቆስጣ ቆርጣ ለ3 ዓመት ልጇ ታቀርባለች። ልጁ አንዱን ቅጠል ያነሳል፣ ያሸታል፣ ነከስ አድርጎ ይተፋል። ከዚያ ልመና፣ ከልመናው ቁጣ፣ ከቁጣው ለቅሶ ይከተላል።

ይህ መመሪያ ለዚያች እናት ነው፤ ለአባትም፣ ለአያትም። ሲጻፍ በሐሳብ የያዝኳት ደብረ ዘይትን ነው። የቢሾፍቱን የቀድሞ ስም አይደለም የማነሳው፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ የወምበራ ወረዳዋን ደብረ ዘይት ነው። ከእሷ እስከ አሶሳ ባለው አገር ማንጎው፣ ሰሊጡ፣ ለውዙ፣ ባሚያው ከደጅ አይጠፋም። ችግሩ የቅጠል እጦት ሳይሆን ቅጠሉ ከልጁ አፍ አለመድረሱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልሉ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 43ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበር። በዚያው ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ካሉ 100 ሕፃናት 57ቱ ደም ማነስ ነበረባቸው። ጎመን ብቻውን ይህን አይፈታም፤ ከመፍትሔው ግን አይቀርም።

ልጅ በተፈጥሮው የቅጠል ጠላት አይደለም። የሚጣላው ከ3 ነገሮች ጋር ነው፦ ከምሬቱ፣ ከጥንካሬው፣ ከእኛ እጅ። ሦስቱን በየተራ ካስታረቅን ቅጠሉ ራሱ ችግር የለበትም። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ጥሬ የመጨረሻው ደረጃ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም፤ መሸጋገሪያው ለብለብ ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ዕድሜውን ይዩ

6 ወር ላልሞላው ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ ቅጠልም፣ የቅጠል ውሃም፣ ጭማቂም አያስፈልገውም።

ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው ልጅ ቅጠል ይበላል፤ ግን በስሎና ልሞ፣ በገንፎው ወይም በድንች ፍትፍቱ ውስጥ ገብቶ። ጥሬ ቅጠል ለእሱ ገና ነው፤ መንጋጋ ጥርስ የለውም፣ ጉሮሮው ጠባብ ነው፣ ተቅማጥ ደግሞ ቶሎ ይጥለዋል።

ከ1 እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ለብለብ የተደረገ፣ በጣም የደቀቀ ቅጠል ይሞከራል። ጥሬው ከ2 ዓመት በኋላ በትንሽ በትንሹ ይገባል።

እዚህ ላይ ቁርጡን ልናገር። ቤተሰቡ «ሁሉን በጥሬው» የሚል አመጋገብ ቢከተል እንኳ ትንሹን ልጅ በዚያ ብቻ ማሳደግ አይገባም። ምክንያቱ ሆዱ ነው። የሕፃን ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ግራም ያህል ነው፤ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ገበታ ከ300 ግራም አያልፍም። 100 ግራም ሰላጣ 95 በመቶው ውሃ ሲሆን 15 ካሎሪ ብቻ ይሰጣል። የ1 ዓመት ተኩል ልጅ በቀን 900 ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ይህን ከሰላጣ እንዲያገኝ 6 ኪሎ ቅጠል መብላት ሊኖርበት ነው፤ ያን ያህሉን በሬ ካልሆነ ማንም አይጨርሰው። ስለዚህ ገንፎው፣ እንጀራው፣ ሽሮው፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ ቦታቸውን አይልቀቁ፤ ቅጠሉ ከእነሱ ጎን ይቀመጥ። በጾም ወራትም ቢሆን 7 ዓመት ያልሞላውን ልጅ የጾም ሥርዓት አያስገድደውም።

ደረጃ 2፦ በጥሬው የሚበላውንና የማይበላውን ይለዩ

በጥሬው ለልጅ የሚሆኑት ጥቂት ናቸው፤ ሰላጣ፣ ለጋ የሐበሻ ጎመን፣ ለጋ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ከማጣፈጫ ደግሞ የድንብላል ቅጠልና በሶብላ። የሐበሻ ጎመን በጥሬው ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል፤ ዘመዱ ነውና አይገረሙ። ለጋው፣ የመዳፍ ያህል ያልሞላው ቅጠል ግን ቁጣው ቀለል ይላል። በክረምት ጓሮ የገባ ልጅ የጎመኑን አገዳ ልጦ ሲቆረጥመው አይተው ይሆናል፤ ጣፋጩ ክፍል እሱ ነው።

ቆስጣ በጥሬው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል፤ ይህ ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል። ለብለብ ተደርጎ ውሃው ሲደፋ ይቀንሳል። ስለዚህ ጥሬ ቆስጣ አልፎ አልፎ ይሁን እንጂ የየዕለት ምግብ አይሁን። ጎመንም በጥሬው በየቀኑ ሲበዛ፣ አዮዲን ባነሰበት ሰውነት ላይ የእንቅርት ዕጢን ሥራ ያውካል። እንቅርት በምዕራቡ አገራችን የማይታወቅ በሽታ አይደለም፤ ቤትዎ የሚገባው ጨው አዮዲን ያለው መሆኑን ያረጋግጡ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት፣ ለወጡም መጨረሻ ላይ ይጨምሩት።

በጥሬው ፈጽሞ የማይሰጡት ደግሞ አሉ። የካሳቫ ቅጠል ካልተቀቀለ መርዝ አለው። የጎደሬ ቅጠል አፍና ጉሮሮ ያሳክካል። የቲማቲምና የድንች ቅጠል ምግብ አይደለም። ሳማ ካልበሰለ ይለበልባል። ሽፈራውንም የኮንሶ ሰዎች እንደሚያደርጉት ቀቅለው ይስጡት። በክልላችን በክረምት የሚበቅለውን የቀርከሃ ቡቃያ ያስቡ፤ የሚበሉት ሰዎች በጥሬው አይነኩትም፣ ይቀቅሉታል። ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥሬው ቡቃያ ሳያናይድ አለው። ይህን ያወቁት ከላቦራቶሪ ሳይሆን ከእናቶቻቸው ነው። እርስዎም የማያውቁትን የዱር ቅጠል ለልጅ ከመስጠትዎ በፊት የአካባቢውን ሽማግሌ ሴት ይጠይቁ።

ገበያ ላይ ሲገዙ ሻጩን አንድ ነገር ይጠይቁት፦ «መድኃኒት መቼ ነው የተረጨው?» በዚህ ሳምንት ከሆነ ይለፉት። ጥቂት ትል የቀመሰው ጎመን ከሚያብለጨልጨው ይሻላል የሚሉት እናቶች ከመሬት ተነስተው አይደለም።

ደረጃ 3፦ ማጠብ፣ ማጠብ፣ ማጠብ

ጥሬ ሥጋ የለመደ አገር ኮሶንም ያውቃል። ጥሬ ቅጠልም የራሱ ኮሶ አለው፤ ወስፋት፣ ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ታይፎይድ። ጎመንና ሰላጣ በበጋ የሚለሙት በወንዝ ዳር መስኖ ነው፤ ያው ወንዝ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው ቆሻሻም ታጥቦ የሚገባበት ነው።

የራሴን ጥፋት ልንገርዎት። አንድ ቀን ሰላጣ ገዝቼ፣ አንድ ጊዜ ውሃ አፍስሼበት፣ አራግፌ አቀረብኩ። ቅጠሉ ንጹሕ ይመስል ነበር። ልጄ 3 ቀን በተቅማጥ ተሰቃየ። በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ዓይነት ሰላጣ ነጭ ሳፋ ውስጥ አንድ በአንድ ሳጥብ ነው ያፈርኩት። የመጀመሪያው ውሃ ሻይ በወተት መሰለ። በሁለተኛው ከሳፋው ሥር አሸዋ ተቀመጠ። በሦስተኛው አንዲት ቀጭን፣ እንደ ክር ያለች ትል ከቅጠሉ ጀርባ ተላቃ ተንሳፈፈች። ያን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ልጄ በልቶታል ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነጭ ሳፋ ነው የምጠቀመው፤ ቀለም ያለው ሳፋ ቆሻሻ ይደብቃል።

አጠባቡ እንዲህ ነው፦

1. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። መክተፊያውና ቢላው ሥጋ የነካ ከሆነ በሳሙናና በፈላ ውሃ ይጽዳ።

2. ቅጠሎቹን ከግንዱ ይገንጥሉ። ውጪያዊውን፣ የጠወለገውን፣ የበሰበሰውን ይጣሉ።

3. ውሃውን ያዘጋጁ። አፍልተው ያቀዘቀዙት፣ ወይም ውሃ አጋርን በመሰለ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ያከሙት ይሁን። ከምንጭ የተቀዳ ጥርት ያለ ውሃም ቢሆን ይታከም።

4. እያንዳንዱን ቅጠል ፊትና ጀርባውን በጣት እያሹ፣ ሌላ ሰው ከጆግ ውሃ እያፈሰሰ ይጠቡ። የቅጠሉ ጅማት ከግንዱ የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ይቆዩ፤ ቆሻሻ የሚያድረው እዚያ ነው።

5. ይህን 3 ጊዜ፣ በ3 ንጹሕ ውሃ ያድርጉ።

6. በንጹሕ ወንፊት ያንጠፍጥፉ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡ። በጥሬው የሚበላ ቅጠል የዛሬ ይሁን፤ ያደረ ለልጅ አይሰጥ።

አቼቶና ሎሚ ቅጠልን «ያጸዳሉ» ሲባል ይሰማል። ጣዕም ይሰጣሉ እንጂ የወስፋትን እንቁላል አይገድሉም፤ ክሎሪንም ቢሆን ያን እንቁላል አይደፍረውም። የሚያስወግዱት 2 ነገሮች ናቸው፦ በእጅ አሽቶ ማጠብ እና እሳት። ለዚህ ነው ቀጣዩ ደረጃ የዚህ መመሪያ ልብ የሆነው።

ደረጃ 4፦ ለብለብ ያድርጉ

ድስት ውስጥ ውሃ ይጣዱ፤ እስኪንተከተክ ይጠብቁ። የታጠበውን ቅጠል ይንከሩት፤ ከ1 እስከ 60 ይቁጠሩ፤ በጭልፋ አውጥተው ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። በቃ። ቅጠሉ አረንጓዴነቱ ይደምቃል፣ ይለሰልሳል፣ ምሬቱ ግማሹን ይተዋል። ያደረበት ሕይወት ያለው ነገር አብዛኛው ይሞታል። ረዘም ላለ ጊዜ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ አብሮ ከሚሄደው ቫይታሚን ሲም ብዙው ይተርፋል። ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ክፍል ደግሞ ቅጠሉ በእሳት ሲለሰልስና ሲደቅ ሰውነት የበለጠ ያገኘዋል። ስለዚህ «እሳት ሁሉን ይገድላል» የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት ነው።

በክረምት፣ ዝናብ ጭቃውን እየረጨ ቅጠል ላይ በሚያሳድርበት ጊዜ፣ ለልጅ ሁሉንም ለብለብ ያድርጉ። በአካባቢው ኮሌራ ወይም ታይፎይድ ተነሳ ከተባለ ደግሞ ጥሬ ቅጠል ለማንም አይቅረብ፤ ሲያልፍ ይመለሱበታል።

ደረጃ 5፦ አድቅቀው ይቁረጡ

ሙሉ ቅጠል ለትንሽ ልጅ ቆዳ ነው። ከፊት ጥርሱ ይቆረጣል፣ ከኋላ አይፈጭም፣ ምላሱ ላይ ተለጥፎ ያስቆጣዋል። የመሐል ጅማቱን በቢላ ያውጡ፤ ቅጠሎቹን ደራርበው እንደ ሲጋራ ይጠቅልሉ፤ በአግድም እንደ ክር ቀጭን አድርገው ይቁረጡ፤ ከዚያ እንደ ክትፎ ይክተፉት። ጉራጌዎች ጎመን ክትፎን ሲሠሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ቢላው ሲደክም ጎመኑ ይለሰልሳል።

ሙሉ ለውዝም ሆነ ጠጣር ካሮት ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ያንቃል፤ ይፈጭ ወይም ይፈግፈግ። ሲበላ ይቀመጥ፤ እየሮጠ የሚበላ ልጅ ይታነቃል።

ደረጃ 6፦ ምሬቱን ያስታርቁ

ምሬትን የሚያስታርቁ 3 ነገሮች አሉ፦ ቅባት፣ ጎምዛዛ፣ ጣፋጭ። ሦስቱም ደጃችን ላይ ናቸው። ቅባቱ የቅጠሉን ቫይታሚን ኤ ወደ ደም ያሻግራል። የሎሚና የማንጎ ቫይታሚን ሲ ደግሞ የቅጠሉን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛል። በተቃራኒው ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ያስቀራሉ፤ ለልጅ ሻይ የማስለመድ ልማዳችንን ቢያንስ ከምሳና ከእራት ሰዓት ያርቁት።

የሰሊጥ ልውስ፦ 3 የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ በመጥበሻ እስኪንጣጣ ያምሱ። በሙቀጫ ይውቀጡ፤ ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ ጠብ እያደረጉ ይለውሱት። አንድ እፍኝ ለብለብ የተደረገና የተከተፈ ጎመን ይቀላቅሉ፤ ጥቂት ሎሚ ይጨምሩ። በእንጀራ ወይም በማሽላ ገንፎ ላይ ይቀርባል። በለውዝም ይሠራል፤ ግን ሻጋታ የነካው፣ የጠቆረ ወይም የተጨማደደ ለውዝ አንድም ፍሬ አይግባ፤ ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው። ልጅዎ ለውዝም ሆነ ሰሊጥ ቀምሶ የማያውቅ ከሆነ መጀመሪያ በማንኪያ ጫፍ ሰጥተው ይጠብቁ፤ ፊቱ ካበጠ ወይም ሽፍታ ከወጣበት ያቁሙ።

የቲማቲም ፍትፍት ከቅጠል ጋር፦ አገራችን የለመደችው ጥሬ የአትክልት ምግብ ይህ ነው። 1 ቲማቲም ልጠው ይክተፉ፤ 2 የሰላጣ ቅጠል አድቅቀው ይጨምሩ፤ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ያክሉ፤ ግማሽ እንጀራ ቆራርሰው ይፈትፍቱ። ቃሪያው ለትልልቆቹ ይቆይ። እንጀራው ጎምዛዛውን ይጠጣል፣ ቅጠሉ በእንጀራው ውስጥ ይሸሸጋል፣ ልጁም በእጁ ይበላዋል። ይህ ከ2 ዓመት በላይ ላለው ነው።

ማንጎ በቅጠል፦ 1 የበሰለ ማንጎ ይላጡ። 3 ለጋ የሰላጣ ቅጠል (ከ2 ዓመት በላይ ላለው) ወይም 1 ለብለብ የተደረገ ቆስጣ በሙቀጫ ይውቀጡ፤ ከማንጎው ጋር ይፍጩ፤ ግማሽ ስኒ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ያክሉ። ማር አይጨምሩ፤ ማንጎው ይበቃዋል። ወምበራ የማር አገር ቢሆንም 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ፈጽሞ አይሰጥም።

ገንፎ ላይ፦ ገንፎው ሊወርድ ሲል የተከተፈውን ለጋ ጎመን ጨምረው እሳት ላይ እያለ ደጋግመው ያማስሉ። ትኩሳቱ ራሱ ለብለብ ያደርገዋል። ጊዜ ለሌላት እናት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ቅጠልን በማንጎ ውስጥ መደበቅ ለሆዱ ይጠቅማል፤ ለምላሱ ግን አያስተምረውም። ሲሠሩት ልጁ ይይ። «ይኼ ቆስጣ ነው፣ ማንጎው ውስጥ ገባ» ይበሉት። ያየውን የጠጣ ልጅ ነገ ያንን ስም ሲሰማ አይደነግጥም። ተደብቆ የተሰጠውን አንድ ቀን ካወቀ ግን ማንጎውንም አብሮ ይጠላዋል።

ደረጃ 7፦ እጅዎን ይሰብስቡ

«ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ይባላል። ለእንግዳ ይሠራል፤ ለትንሽ ልጅና ለጎመን ግን አይሠራም። አፍንጫውን ይዞ እንደ ኮሶ የተጋተ ልጅ የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ጎመን የሚያስፈራ ነገር መሆኑን። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ትልቅ ሰው ሆኖም የማይበላው ስንት አለ።

ከ2 ዓመት ጀምሮ ልጆች አዲስ ምግብ መፍራታቸው ጠባይ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜው የሚያመጣው ነው። አዲስ ጣዕም ለመቀበል ብዙ ልጆች ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል። አብዛኞቻችን ግን በ3ኛው ላይ ተስፋ ቆርጠን «ልጄ ጎመን አይወድም» ብለን ለጎረቤት አውርተናል። ያውም እሱ እየሰማ።

የ4 ሳምንት መርሐ ግብር ይኸውና፦

በ1ኛው ሳምንት ቅጠሉ ገበታው ዳር ይቀመጥ። ልጁ ይንካው፣ ይቅደደው፣ ያሽተው። ብላ አይባልም።

በ2ኛው ሳምንት፣ በሳምንት 4 ቀን፣ ለብለብ የተደረገው ከሰሊጥ ጋር ይቅረብ፤ የሻይ ማንኪያ ያህል ብቻ። ቢተፋ ይጥረጉትና ወሬ ይቀይሩ።

በ3ኛው ሳምንት መጠኑን ወደ ሾርባ ማንኪያ ያሳድጉ፤ በፍትፍትም ይሞክሩት።

በ4ኛው ሳምንት፣ ከ2 ዓመት በላይ ከሆነ፣ ለብለቡ ላይ ጥቂት የጥሬ ቅጠል ክር ይነስንሱ። ቀስ በቀስ ጥሬው ይብዛ፣ ለብለቡ ይነስ።

በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚከለከሉ 2 ዓረፍተ ነገሮች አሉ። አንዱ «ካልጨረስክ አትነሳም»፤ ሌላው «ጎመኑን ከበላህ ከረሜላ እሰጥሃለሁ»። የመጀመሪያው ጎመንን ቅጣት፣ ሁለተኛው ከረሜላን ንጉሥ ያደርጋል።

በጎረቤት ያየሁት ዘዴ ከሁሉም ይበልጥብኛል። አያትየው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቆርጣሉ። የ3 ዓመት የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ታያለች። አንዱን ለጋ ቅጠል አንስተው ሎሚ ጨመቁበት፣ አፋቸው ከተቱት፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አጣጣሙት። ልጅቱ እጇን ዘረጋች።

«ተይ የኔ እናት፣ ይኼ ለትልቅ ሰው ነው» አሏት።

«እኔም ትልቅ ነኝ!»

«እስቲ ጥርስሽን አሳዪኝ።»

አፏን ከፈተች። አያትየው ጥርሷን አንድ በአንድ ቆጠሩ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ እንደ ጥፍር ያነሰች ቁራጭ ሰጧት። ልጅቱ ፊቷን አጨማደደች። አልተፋችውም። «ትልቅ» መሆኗን ለማስመስከር ዋጠችው፤ ከዚያ ደግማ እጇን ዘረጋች። ልመናም ቁጣም አልነበረም። ምግቡ ክብር ሆኖ ተሰጣት፤ ክብርን ደግሞ ልጅም ቢሆን አይተፋም።

ልጅ የሚበላው የነገሩትን ሳይሆን ያየውን ነው። አባት ሥጋውን እየመረጠ ጎመኑን ለእናት ከገፋ፣ ልጁም ይገፋል። ትምህርቱ የሚጀምረው ከመወለዱም በፊት ሊሆን ይችላል። በፊላዴልፊያ የሞኔል ማዕከል ተመራማሪዋ ጁሊ ሜኔላ ከባልደረቦቿ ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ ሲጠጡ የቆዩ እናቶች ልጆች የካሮት ጣዕም ያለውን ምግብ የተሻለ ተቀብለዋል። ጣዕሙ በሽርት ውሃና በጡት ወተት ይደርሳቸዋል። እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት ጎመን ስትበላ ልጇንም ከአሁኑ ታስለምዳለች ማለት ነው።

ደረጃ 8፦ ልጁ ራሱ ያብቅል

ጓሮ ካለ አንድ መደብ ለልጁ ይስጡት። ጓሮ ከሌለ፣ ተፈናቅለው ቤት ተከራይተው ለሚኖሩም ቢሆን፣ አንድ ጆንያ አፈር ይበቃል፤ ጎኑን በሳስተው በየቀዳዳው የጎመን ችግኝ ይተክላሉ። ጎመን ከአንድ ወር ተኩል ገደማ በኋላ መቀንጠብ ይጀምራል። ፍግ ሲጠቀሙ በደንብ የበሰበሰ ይሁን፤ ትኩስ እበት በጥሬው ለሚበላ ቅጠል አይሆንም።

አንድ ወር ተኩል ለልጅ ዘላለም ነው፤ ስለዚህ በፌጦ ይጀምሩ። ለሕመም ብለን ያስቀመጥነው ፌጦ ከቤት አይጠፋም። ሰሃን ላይ ንጹሕ ጨርቅ ያንጥፉ፤ በፈላና በቀዘቀዘ ውሃ ያርጥቡ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ፌጦ ይበትኑ፤ ጥላ ባለው ብርሃን ያስቀምጡ፤ ጠዋትና ማታ ልጁ ራሱ ውሃ ይርጭ። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይበቅላል፤ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ሲሆን አረንጓዴ ፀጉር ይመስላል። በመቀስ ከላይ ከላይ ይቁረጡና ይጠቡት። ፌጦ ያቃጥላል፤ 3 ወይም 4 ቅጠል አቮካዶ ላይ ይበቃል። ልጁ ግን በገዛ እጁ ያበቀለውን ሳይቀምስ አያድርም።

ደረጃ 9፦ ምልክቱን ይወቁ፣ ጤናውን ይከታተሉ

ተቅማጥ ከጀመረ ጥሬ ቅጠሉን ያቁሙ፤ ጡቱንና ምግቡን ግን አያቁሙ። ኦ.አር.ኤስ. በብዛት ያጠጡ፤ ዚንክ ከጤና ኬላ ይውሰዱ። ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ የሰጡትን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ካንቀጠቀጠው ሰዓት ሳያባክኑ ጤና ጣቢያ ይድረሱ።

ደህና በሆነበት ጊዜም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ያግኙ። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ፣ ከ2 ዓመት ጀምሮ ደግሞ በየ6 ወሩ የወስፋት መድኃኒት ይሰጠዋል። ወስፋት ያለበት ልጅ ምንም ቢበላ የሚጠግበው ወስፋቱ ነው። ክንዱን ትለካልዎ፣ ክብደቱን ትይ። ለብዙ ወራት ክብደት ካልጨመረ ችግሩ ቅጠል አይደለም፤ ቅጠል አብዝተው አይደፍኑት።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አይጀምሩ። ነገ ምሳ ላይ አንድ ለጋ ጎመን ይቅጠፉ፣ በነጭ ሳፋ 3 ጊዜ ይጠቡ፣ ከ1 እስከ 60 ቆጥረው ለብለብ ያድርጉ፣ ልጁ እያየ እርስዎ ይብሉት። ለእሱ ገበታው ዳር አንዷን ይተዉለት፤ ምንም አይበሉት። ባይነካትም ከነገ ወዲያ ሌላ ይተዉለት።